የአውራ ጣት ልክ

ናጋኦካ ላይ ክረምቱ ሲጠና፣
በረዶ እንዳይቆለል በጎዳና፣
ውሃ ይተፋል አስፋልቱ፤
ቀይ ነው መንገዱ፣ ከውሃው ብረት ከዝገቱ።
ያንን ቀይ ውሃ ተሻግረው
አንዲት ሴት ገቡ ከሱቄ፣ ቦርሳ በሁለት እጅ ይዘው።

ሥራዬ ጣት መለካት ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከቦውሊንጉ አዳራሽ ጥግ፣ ከጫማ ማከራያው አጠገብ፣
የሰው ስንዝር ስመዘግብ፣
ኳስ ስበሳ፣ ስሞርድ፣
በየአውራ ጣቱ ስፈርድ።

«ቶሚዬ ሙራኮሺ እባላለሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው።»
ዚፑ ሲከፈት የወጣው ሽታ ለኳስ ቤት እንግዳ ነው፤
ጨው፣ የሩዝ ፉርሽካ፣ የኮመጠጠ ፍጁል ነው።
ከውስጡ ጥቁር ኳስ ወጣ፣ አሥራ አራት ፓውንድ፣ ስማቸው የተቀረጸበት፣
ግማሹን ፊደል ጨው የበላበት።

«አትፍረድብኝ፤ ከጓዳ ነው የኖረው አርባ ዓመት፣
ከፍጁል በርሜል ክዳን ላይ፣ እንደ ድንጋይ ተጭኖበት።
ጎበዝ ነው ግን፤ እሱ የተጫነው ፍጁል ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል።»

ታዲያ ዛሬ ምን መለስዎ?
የአዲስ ዓመት ካርድ አወጡ። ከፉሚኖ ናካዛቶ።
ሰላምታ የለው፣ ጤና የለው፣
አንድ መስመር ብቻ ነው፦
«ትናንት መቶ አርባ ሁለት አስቆጠርሁ። አንቺስ?»
«አንቺስ?» የምትለዋን በጥፍራቸው ሁለቴ መቱ።

ድሮ፣ አገር ምድሩ በኳስ ባበደ ጊዜ፣
ሁለቱ የሽመና ፋብሪካ ልጆች፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው
ወረፋ ይይዙ ነበር፣ በእግራቸው እንቅልፍ ይዞአቸው።
የተሸነፈች ሾርባ ትገዛለች።
«እስከ ዛሬ ሦስት ሳህን አለብኝ ትላለች፤
ውሸቷን ነው፤ ሁለት ነው።»

ጣታቸውን ወደ ድሮው ቀዳዳ ላኩ።
የቀለበት ጣት አልገባ አለ፣ አንጓው አብጦ፤
አውራ ጣት ግን ዋኘ፣ ሥጋው ሟሙቶ።
ቀዳዳው የሚያውቀው ሌላ እጅ ነው፤
ይህን ሲያንኳኳ ሰምቶ፣ «ማነው?» አለው።

«ልክዎን ልወቅ» አልኩ፣ ሜትሬን ከኪሴ ሳወጣ፤
ደነገጥሁ፣ ቃሉ ከአፌ ከወጣ።
እሳቸው ግን፦ «ልኬንማ ስንቱ ነገረኝ፤
ባሌ ነገረኝ፣ ሐኪም ነገረኝ፣
ጉልበቴም በየደረጃው ነገረኝ።
በሚሊ ሜትር የነገረኝ የለም፤ እስቲ አንተ ንገረኝ።»

ለካሁ። ስንዝራቸው አራት ሚሊ ሜትር አጥሯል።
«አሥር ፓውንድ ይበቃል።»
ፊታቸው ጠቆረ። «አሥር የልጅ ነው። አሥራ አራት ስጠኝ።»
አልተሟገትሁም። ሦስት ኳስ አውርጄ፣ ቁጥራቸውን በፕላስተር ሸፍኜ፣
«ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እጅዎ ይምረጥ» አልኩ።

አንዱን አነሱ፣ ክንዳቸው ወረደ፤ ቃል ሳይተነፍሱ መለሱት።
ሁለተኛውን አነሱና «ሐብሐብ» አሉት።
ሦስተኛውን ግን ዝም።
ከጉልበታቸው ጎን ወዘወዙት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ግራ እግራቸው ወደ ኋላ ሸሸ፤
ሃምሳ ዓመት ስሙ ያልተጠራ እርምጃ
«አቤት» ብሎ መጣ።

አሥራ አንድ ነበር። ቀለሙ ግን ሐምራዊ፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣
ለትምህርት ቤት ልጆች ብዬ ያመጣሁት።
ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ዓይነት ቅብጠት ነው!»
ቆይተውም፦ «ፉሚኖ ስታየው ትቃጠላለች። ይሁን።»

በሳሁት። መስመር ዘጠኝ ላይ ቆሙ።
የመጀመሪያው ቦይ ገባ።
ሁለተኛውም ቦይ ገባ።
ሦስተኛው ዘይቱ ላይ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣
መጨረሻው ላይ ሐሳቡን ለውጦ
ታጠፈ፤ ዘጠኙን ዘረጋ።
የቀኝ ጥጉ ፒን ተንገዳግዶ፣ ተመልሶ ቆመ።
«አንተ ደግሞ አሁንም እዚሁ ነህ?» አሉት፣
እንደ ቆየ ጎረቤት።

ሂሳብ ሲከፍሉ፣ «አሮጌውን ልጣልልዎ?» ብላቸው
ኳሱን በክንዳቸው ከለሉት፣
«እንዴት ተደርጎ! ፍጁሉ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል።»

ሐምራዊውን እኔ ተሸክሜ፣ ጥቁሩን እሳቸው
ቀዩን መንገድ ተሻገርን፣ ውሃው እግራችን ሥር ሲተፋ።
የካርዱን መልስ ጽፈዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።
«ቁጥር ሳይኖረኝ?» አሉኝ፣
አውቶቡሱን በዓይናቸው እየፈለጉ።